ለዓይን የተመረጠ ደጋን

በስማዳ፣ ከበሽሎ ገደል አፋፍ ላይ ባለችው በደንጎሬ መንደር፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን አንዳርጌ የሚባል ገበሬ ነበር። የሚያውቁት ሁሉ ስለ እርሱ ሲያወሩ አስቀድመው የሚያነሱት መቀመጥ አለመቻሉን ነው። ቆሞ ይበላል፤ በልቶ ሳይጨርስ ወደ ማሳው ይነሳል፤ ከማሳው ሳይደርስ የረሳው ነገር ትዝ ይለውና ከመንገድ ይመለሳል። ትጉህ ነው የሚሉት ነበሩ። ትጉህ ሰው ግን የጀመረው ሥራ ላይ ይቆያል፤ አንዳርጌ ከአንዱም ላይ አይቆይም ነበር።

በዚያ ዓመት ዕረፍት የሚነሳ እውነተኛ ምክንያት አገኘ። ከአባቱ የደረሰው ርስት ገደሉን የሚጎራበት የማሽላ ማሳ ነው። አፈሩ መልካም፣ ጎረቤቱ ክፉ፤ ጎረቤቱ ዝንጀሮ ነው። ባለፈው ኅዳር፣ ማሽላው ሊቆረጥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ መንጋው ከገደሉ ወጥቶ በሦስት ቀን ሙልጭ አድርጎ በላው። አንዳርጌና ሚስቱ የሻረግ ክረምቱን የተሻገሩት ከአባቷ ከካሳ ጎተራ እየተሰፈረላቸው ነበር። ካሳ ሲሰፍር አልተሳደበም። የመጨረሻውን ቁና ሲሰፍር ብቻ፣ ፊቱን ከእህሉ ሳያነሳ፣ "የሚመጣው እንዳለፈው ከሆነ ልጄንም በሬዬንም እወስዳለሁ" አለ። በሬው የሻረግ ስትዳር የሰጣት ነው፤ ያለ እርሱ የአንዳርጌ ጥማድ አይሞላም። ካሳ የሚናገረው ጥቂት ነበር፤ የተናገረውን አስቀርቶ ግን አያውቅም።

አንዳርጌ ጠመንጃ የለውም አይባልም። ከቤቱ ምሰሶ ላይ የአባቱ ውጅግራ ተሰቅሏል። ጥይቱ ካለቀ ግን አምስት ዓመት ሆኖታል፤ በአርብ ገበያም በንፋስ መውጫም አስጠይቆ አላገኘም። ባዶውን ጠመንጃ ተሸክሞ ማሳው ዳር ይቆም ነበር። በመጀመሪያው ሰሞን ዝንጀሮዎቹ ሸሹ፤ እየቆየ ግን የማይጮህ ብረት መሆኑን ተረዱት። መንጋውን የሚመራው አውራ፣ ጋማው እንደ ለምድ ከትከሻው ላይ የወረደ፣ ከማሳው ማዶ ካለ ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ሰውየውን በእርጋታ ይመለከተዋል። ወንጭፍ ሲሽከረከር ያያል፤ ድንጋዩ ሳይደርስ ዘወር ይልና ተመልሶ ይቀመጣል። በደንጎሬ ሰው ዘንድ የታወቀ ነገር ነው፤ አውራው ተገድሎ ቆዳው ከማሳው ዳር ከተሰቀለ መንጋው ለዚያ ዓመት ገደሉን ይለውጣል። እንግዲህ አንዳርጌን የሚያድነው የአንድ ዝንጀሮ ሞት ነበር፤ ለዚያም የሚያስፈልገው የማይሽከረከር፣ ተቀምጠው የሚወረውሩት፣ ድምፅ የሌለው መሣሪያ ነው።

እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚሠራ አንድ ሰው ነበር። ወልደ ሩፋኤል የሚባል ሽማግሌ፣ ከአርብ ገበያ ጥቂት ወረድ ብሎ የሚኖር። በወጣትነቱ ከጦር ጋር ወደ ምዕራብ ቆላ ዘምቶ፣ ቆስሎ ቀርቶ፣ በደጋን ከሚያድኑ ሰዎች ጋር ስምንት ዓመት ኖሮ ተመልሷል። በጋይንትና በስማዳ ግን ደጋን ሲባል ሰው የሚያስበው ሌላ ነገር ነው፤ ሴቶች ጥጥ የሚነድፉበት፣ ጅማት የተወጠረበት ትንሽ ቆልማማ እንጨት። ወንድ ደጋን ይዞ የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ላይ ብቻ ነው። ይህን አንዳርጌ ገና ከቤቱ ሳይወጣ አስቦበታል፤ ጠቦቱን እየነዳ ወደ አርብ ገበያ ሲወርድ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ ጠቦቱን ሊሸጥ እንደሚሄድ ነገረ። ስለ ደጋኑ ለማንም አልተናገረም።

ወልደ ሩፋኤል ከደጃፉ ተቀምጦ የዶማ እጀታ ሲፍቅ አገኘው። የመጣበትን ሰምቶ ሲያበቃ ተነሳና ከጣሪያው ሥር፣ ጢስ ከሚያገኛቸው ቦታ፣ ሦስት ደጋኖች አወረደ። ጅማታቸው የተፈታ ስለነበር ሦስት በትሮች ይመስላሉ። ዋጋቸው እኩል መሆኑን፣ የትኛውንም ቢወስድ አንድ ጠቦት እንደሚበቃ ነገረውና ወጠራቸው። የመጀመሪያው የቀርከሃ ነው፤ ሽማግሌው ራሱ ለልጅ የሠራሁት ነው ብሎ ወደ ጎን አደረገው። ሁለተኛው እንደ ልብ ከሚታጠፈው ከለንቋጣ ቁጥቋጦ የተሠራ፣ ቁመቱ እስከ አንዳርጌ ደረት፣ ልጡ ተልጦ የገረጣ፣ ጌጥ የሌለው። ሦስተኛው የወይራ ነው። ቁመቱ ከግንባር ይደርሳል፤ በቅቤ ታሽቶ ጠቁሯል፤ ወደ ተኳሹ በሚዞረው ሆዱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የመስቀል ሐረግ ተቀርጾበታል። አንዳርጌ ከዚያ በኋላ የቀሩትን ሁለቱን አላያቸውም።

ሽማግሌው ደጋንን ከሰው ጋር የሚለካበት የራሱ መንገድ ነበረው። "እስከ ጆሮህ ሳብና ይዘህ አቡነ ዘበሰማያት በል" አለው። "ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ላይ ስትደርስ እጅህ ካልተንቀጠቀጠ ደጋኑ ያንተ ነው።"

አንዳርጌ ለንቋጣውን ስቦ ከተባለው ቃል ደረሰ፤ አልፎም ኅድግ ለነ አበሳነ አለ። ወይራውን ሲስብ ግን ትምጻእ መንግሥትከ ላይ ክርኑ ራደ፤ ጅማቱ እጁን ይዞት ተመለሰ። ቢሞክር፣ ደግሞ ቢሞክር፣ ከዚያች ቃል አላለፈም።

"ለንቋጣውን ውሰድ" አለ ወልደ ሩፋኤል።

"ይኼ የሴት መንደፊያ ይመስላል፣ አባ።"

"ዝንጀሮው አይጠይቅህም።"

"ሰው ይጠይቀኛል።"

ሽማግሌው እጁን ወደ ወይራው ዘረጋ። "እንግዲያው ለሰው ምረጥ" አለና ወይራውን አቀበለው።

ሦስት ነገር አስጠነቀቀው። በማይወረውርበት ሰዓት ጅማቱን እንዲፈታ፤ ተወጥሮ የዋለ እንጨት ኃይሉ ይሞታልና። የደጋኑን ጀርባ፣ ማለት ከተኳሹ ወደ ውጭ የሚዞረውን ገጽ፣ ቢላ እንዳያስነካ፤ ሲሳብ የሚለጠጠው ጀርባው ነውና፣ አንዲት የእንጨቱ ክር ከተቆረጠች ሁሉም ይከተላታል። ሦስተኛው፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንዲስብ። አንዳርጌ ይህን ሁሉ የሰማው አንድ እግሩን ከአጥሩ ውጭ አድርጎ ነው። የሰው ልጅ ምክር የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ የወሰነውን እንዲያጸኑለት ነው፤ ካላጸኑለት ጆሮው ይዘጋል።

የሻረግ በደንጎሬ በባዘቶዋ የታወቀች ናት። የነደፈችው ጥጥ እንደ ጉም ይነሳል ይሉላታል። ሁለት መንደፊያ በዘመኗ ተሰብሮባታል፤ ሁለቱም ከመሰበራቸው በፊት ጅማታቸው ሲደነቁር፣ ማለት ድምፁ ሲታፈን፣ ሰምታለች። ባሏ ደጋኑን ከግድግዳው ሲያስደግፈው ጠጋ ብላ ጅማቱን በጣቷ መታችና አደመጠች። እንጨቱ ክፉ እንዳልሆነ፣ ለእርሱ ክንድ ግን እንደማይታዘዝ ነገረችው። እንዝርትሽን ጠብቂ አላት። እርሷም አንድ ጊዜ የተናገረችውን የምትደግም ሴት አልነበረችም።

በእሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንዳርጌ ደጋኑን በትከሻው አንግቶ፣ የመስቀሉ ሐረግ ወደ ውጭ እንዲታይ አድርጎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመ። አዳነ የሚባል ጎረቤቱ፣ ምንሽርና አራት ጥይት ያለው፣ ጥይቱንም ለዝንጀሮ የማያባክን፣ ዙሪያውን እየዞረ አየው።

"አያ አንዳርጌ፣ ደጋኑስ አምሯል" አለ። "ባዘቶው የታለ?"

ሰው ሳቀ። አንዳርጌ ከሁሉም አብልጦ ሳቀ። አዳነ ግን በዚህ አልተወውም፤ የሻረግ ይህን ያህል ጥጥ ከየት ልታመጣለት እንደሆነ፣ ከእንግዲህ ጋቢውን እርሱ ሊፈትል እንደሆነ፣ ከቤቱ ደጅ እስኪደርሱ ድረስ ጠየቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዳርጌ ጅማቱን ፈትቶ አያውቅም። የተፈታ ደጋን በትር ነው፤ የተወጠረ ግን፣ በእርሱ ግምት፣ የጦር መሣሪያ ይመስላል። ሲበላም ሲያርምም፣ ለቅሶ ሲደርስም፣ ወይራው ተወጥሮ ከትከሻው ላይ ይውል ነበር።

ልምምዱ እንደ ጠባዩ ሆነ። ሦስት ፍላጻ ይወረውርና ሁለቱ ከፊቱ ይወድቃሉ። ጥፋቱን በፍላጻዎቹ ላይ አድርጎ ሌላ ሸንበቆ ይቆርጣል። ከዚያ ላባው ነው ይላል፤ የዶሮውን ነቅሎ የጥንብ አንሳ ይሰካል። ከዚያ ጅማቱ ነው ይላልና ይለውጠዋል። አንድ ቀን ከማሳው ራስ፣ ሌላ ቀን ከቤቱ ጓሮ ይለማመዳል፤ ነፋሱ አልተስማማኝም ብሎ ከሁለቱም ይነሳል። ትከሻው አበጠ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጥፋቱ የት እንዳለ ያውቅ ነበር። ሌሎቹን የሚመረምራቸው የወይራውን ምርጫ ላለመንካት ነው።

በጥቅምት ማለቂያ ማሽላው ማቅላት ሲጀምር ጭንቀቱ ጠና። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የሻረግ ወንዝ በወረደችበት፣ ቢላ አነሳ። እንጨቱን ጥቂት ቢያሳሳው ይላላለት ይሆናል ብሎ አሰበ፤ በዚህ ማሰቡስ አልተሳሳተም። ግን የት ይፋቀው? ሆዱን ከፋቀ የመስቀሉ ሐረግ ይጠፋል፤ ሰው ያደነቀለት ነገር ቢኖር እርሱ ብቻ ነው። ሽማግሌው ስለ ጀርባው ያለው ትዝ አለው። ትዝ አለው፣ እጁም ቆመ፤ እንደገና ወደ ሐረጉ ተመለከተና ደጋኑን ገልብጦ ጀርባውን ፋቀው። የተፋቀው ነጭ ቦታ እንዳይታይ ቅቤና ጥላሸት ቀባው። ባለማወቅ የሚጠፋ ሰው ይታዘንለታል፤ አንዳርጌ ግን አውቆ ነው።

የሻረግ ስትመለስ ጅማቱን መታችው። ቆማ አደመጠች። የሰማችውን ፊቷ ተናገረ፤ እርሱም አይቶ ዘወር አለ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ዝንጀሮ በዓል ያውቃል ይባላል፤ ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መንጋው ከገደሉ ወጣ። አንዳርጌ ይህን ጠብቆ ከማሳው ውስጥ ነበር። ሦስት ጊዜ ቦታ ለወጠ፤ በለወጠ ቁጥር ማሽላው ይንኮሻኮሻል፣ አውራውም ከቋጥኙ ላይ አንገቱን ያዞራል። ይህ ሲሆን አማቱ ካሳ፣ በዓሉን አክብሮ ልጁን ሊጠይቅ፣ በቅሎውን እየሳበ ከማሳው ራስ ደረሰ። አንዳርጌ አየው። እንደ ታየም አወቀ። መጠበቅ ሲገባው ተነሳና ወይራውን ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ።

ድምፁ ከገደሉ ማዶ ተመለሰ። ካሳ ጠመንጃ የተተኮሰ መስሎት ነበር። ደጋኑ ከተፋቀው ቦታ ለሁለት ተሰንጥቆ አንደኛው ስባሪ የአንዳርጌን ጉንጭ ከዓይኑ ሥር እስከ አገጩ ቀደደው። ደሙ ሲወርድ ዝንጀሮዎቹ ጥቂት ፈቀቅ አሉና ተመልሰው ገቡ። ካሳና ድምፁን ሰምታ ከቤት የሮጠችው የሻረግ እየጮሁ በድንጋይ እስኪያስወጧቸው ድረስ የማሳው ገሚስ ሄዷል።

ካሳ ስባሪውን አነሳ። በጣቱ ጥላሸቱን ጠረገው፤ ከሥሩ የቢላው መንገድ ነጭ ሆኖ ወጣ።

"ይህን ማን ነካው?"

"እኔ ነኝ" አለ አንዳርጌ።

ካሳ ስባሪውን መሬት ላይ በቀስታ አኖረው። "የዛሬ ሳምንት እመጣለሁ" አለ። "የቀረውን አይቼ እፈርዳለሁ።"

አንዳርጌ ጉንጩን በጨርቅ አስሮ፣ ሁለቱን ስባሪ ይዞ፣ በማግስቱ ወልደ ሩፋኤል ደጃፍ ደረሰ። የሻረግ ማሳው መካከል ካለው ማማ ላይ ወንጭፍ ይዛ ቀርታለች። ሽማግሌው ስባሪዎቹን ገጣጥሞ አያቸው፤ ያልገባው ነገር አልነበረም። ለንቋጣው ከነበረበት ተሰቅሏል። አንዳርጌ እርሱን እንዲሰጠው ለመነ፤ ሌላ ጠቦት በፋሲካ እንደሚያመጣም ነገረው።

"ዛሬ አትሄድም" አለ ወልደ ሩፋኤል። "ተቀመጥ።"

"አባ፣ ሚስቴ ብቻዋን ናት፤ ማሳው..."

"ተቀመጥ።"

የዚያን ቀን ሥራ ይህ ነበር፤ ስቦ፣ ይዞ፣ ቃሉ ላይ ደርሶ፣ ፍላጻውን ሳይለቅ ጅማቱን በዝግታ መመለስ። መልቀቅ የለም። ሽማግሌው እጀታውን ይፍቃል፤ አንዳርጌ ይስባል፣ ይመልሳል። በየመካከሉ ልቡ ወደ ደንጎሬ ይሮጥበታል፤ መንጋው አሁን ወጥቶ ይሆን፣ የሻረግ ድንጋይ አልቆባት ይሆን፣ ካሳ ሐሳቡን ለውጦ ቀድሞ መጥቶ ይሆን። ሦስት ጊዜ ሊሄድ ተነሳ። ሦስቱንም ጊዜ ሽማግሌው ቀና ብሎ ሳያይ "ገና ነው" አለው። አንዳርጌ በዕድሜው አንድ ሙሉ ቀን ከአንድ ቦታ ላይ ሲውል የመጀመሪያው ነበር፤ እርሻ ሲያርስ ከዋለበት ቀን ሁሉ ይልቅ ያን ቀን ደከመ።

በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ለንቋጣው ጅማቱ ተፈትቶ ከትከሻው ላይ ነበር። አዳነ መንገድ ላይ አገኘውና ደጋኑ የት እንደደረሰ ጠየቀው። አንዳርጌ በትከሻው ያለውን አሳየው። አዳነ ይህ ውሻ መምቻ እንደሆነ ነገረው። አንዳርጌ አለፈው። ልቡ አልተናደደም ማለት አይደለም፤ እጁ ግን ጅማቱን ለመወጠር አልተነሳም።

በአምስተኛው ቀን ከጠዋት ጀምሮ ከቀረው ማሽላ ውስጥ ተቀመጠ። ጉንዳን እግሩን በላው፤ ቁስሉ አሳከከው፤ ሃያ ጊዜ መነሳት አማረው። የሻረግ ከማማው ላይ ሆና ታየዋለች። ፀሐይ ወደ እኩለ ቀን ስትደርስ አውራው መጥቶ ቋጥኙ ላይ ተቀመጠ፤ ወደ ማሳው አየ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር አላገኘም፤ ሊያክ ክንዱን አነሳ። አንዳርጌ ሳበ። አቡነ ዘበሰማያት አለ በልቡ። ትምጻእ መንግሥትከ አለ፤ ክንዱ አልራደም። ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም ላይ ለቀቀ።

ፍላጻው ከብብቱ ሥር ገባ። አውራው ተነስቶ ሁለት እርምጃ ተራመደ፤ በሦስተኛው እግሩ ያረፈው አየር ላይ ነበር። መንጋው እየጮኸ ተከትሎት ወረደ። አንዳርጌ ከአፋፉ ላይ ተንበርክኮ ወደ ታች አየ፤ ጉም እንጂ ሌላ የሚታይ አልነበረም። ሰው የማይወርድበት ገደል ነው። የሚሰቀል ቆዳ አላገኘም፤ ለአዳነ የሚያሳየውም አልነበረም።

ካሳ በቀጠሮው መጣ። አዳነም ነገር እንዳያመልጠው ተከትሎት መጥቷል። ካሳ የቀረውን ማሽላ ዞሮ አየ፤ አውራው መገደሉን ሲነግሩት ቆዳው የታል አለ። አንዳርጌ ወደ ገደሉ አመለከተ።

"ይህ ገደል ስንቱን ጀግና ደበቀ" አለ አዳነ።

ካሳ ወደ እርሱም ወደ አንዳርጌም አላየም፤ ወደ ልጁ ተመለከተ።

"አባዬ" አለች የሻረግ፣ "የወይራው ጅማት ሲደነቁር ሰምቼ ነበር፤ እንደሚሰበር አውቄያለሁ። ይኼኛው ሲለቀቅም ሰምቼዋለሁ። ድምፁ ጥሩ ነው። ዝንጀሮው ሲወድቅም በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ትመጫለሽ?"

"ማሽላው ሳይቆረጥ የትም አልሄድም። ሚያዝያ ላይ ይጠይቁኝ።"

ካሳ በሬው ወደ ታሰረበት ተመለከተ። ከዚያ በቅሎው ላይ ወጣ፤ በሬውንም ሳይፈታ ሄደ።

መንጋው አልተመለሰም፤ የቀረው ማሽላ ግን ተወቅቶ ሲሰፈር እስከ መጋቢት ቢያደርስ ነው። ከመጋቢት በኋላ እንደገና ከካሳ ጎተራ ተለመነ፤ እንደገናም በዝምታ ተሰፈረ። በዚህ አንዳርጌን ማንም አላመሰገነውም፤ የሚያስመሰግነውም አልነበረም። መጀመሪያ ቀን በጁ የተሰጠውን ነገር ለማግኘት ግማሽ ማሳና አንድ ጉንጭ ከፍሏል። ሚያዝያ ሲደርስ ካሳ ሊጠይቅ መጣ፤ የሻረግ ከማሳው ማዶ ዘር እየዘራች ስለነበር ምን እንዳለችው አንዳርጌ አልሰማም። ካሳ ብቻውን ተመለሰ።

ከዚያ በኋላም አንዳርጌ ቆሞ መብላቱን አልተወም። መንገድ ጀምሮ መመለሱም አልቀረም። የወይራው ስባሪ፣ ሐረጉ እንዳለ፣ ከምሰሶው ላይ ተቸክሎ ለንቋጣው ተፈትቶ የሚንጠለጠልበት ሆነ። በየጠዋቱ ያወርደዋል፤ ወጥሮ፣ ከጓሮው ቆሞ፣ እስከ ጆሮው ይስባል። የሻረግ ከቤት ውስጥ ጥጧን እየነደፈች ታደምጣለች። ከመጀመሪያው ቃል እስከ ሲሳየነ ድረስ ግቢው ጸጥ ይላል። ጅማቱ ሳይለቀቅ በዝግታ ሲመለስ ስትሰማ፣ እርሷም ያቆመችውን ሥራ ትቀጥላለች።